አርባ ቃል

በታማራክ ጋፕ፣ ሞንታና፣ ዋናው መንገድ ሲያልቅ፣
የድሮው ባንክ ቤት አለ፣ ጎብጦ ግን ሳይወድቅ።
ገንዘቡ ከሄደ ሰማንያ ዓመቱ፤
ዛሬ በካዝናው ውስጥ የዊልማ ምሳ ነው፣ ዳቦና ወተቱ።

ዊልማ ኦስትራንደር፦ አስጎብኚም እሷ፣ ጠራጊም እሷ ናት፤
ሠላሳ ክረምት በአውቶብስ ልጅ ያመላለሰች፣
ዛሬም መስታወት ትፈልጋለች፣ ዞር ከማለቷ በፊት።

እኔ ቀን ቀን የበረዶ መጥረጊያ መኪና እጠግናለሁ፤
ማታ ማታ ከየዕቃው ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ እጽፋለሁ።
በአማርኛ እጀምረዋለሁ፣ ሲበስል ወደነሱ ቋንቋ አዞረዋለሁ።
ሕጓ አጭር ነው፦ "አርባ ቃል። አርባ አንደኛውን እሰርዛለሁ።
እግሩ የበረደው ጎብኚ ቆሞ ረጅም አያነብም፤
ሟቹም ቢሆን ስለ ርዝመት አይከራከርም።"

በግራው ክፍል፣ እስከ ፋሲካ፣ የብር ማዕድኑ ዘመን አለ፦
የዲጎሪ ፔንሃሎ ምሳ ዕቃ፣ ክዳኑን በምስማር ጭሮ
"የራስህን ብላ" ያለበት።
ቀጥሎ የበቅሎ ልጓም። ዳችስ ትባል ነበር፤
አሥራ አንድ ዓመት ከመሬት ሥር ድንጋይ ስትጎትት ኖራ፣
ያወጧት ዕለት ፀሐይ አይታ "አለቀሰች ይላሉ" ብዬ ጽፌ ነበር።
ዊልማ እርሳሷን አነሳች፦
"ይላሉ የሚባል ሰው አላውቅም። ማን አለ? ስሙ ይነገር።"
በቅሎዋ ሳታለቅስ ቀረች።
ዘጠኝ ቃል ተረፈኝ፤ በዘጠኙ የጎተተችውን ቶን ጻፍኩ።

ከመስኮቱ ሥር የከሰል ካውያ፣ እጀታው የከሰለ፣
የጎክ ሱን፤ የቆፋሪዎቹን ሸሚዝ ሲተኩስ መሽቶ የሚነጋለት።
ስሙን ያገኘነው ከግብር ደረሰኝ ነው።
ከየት መጣ? ማን ቀበረው? ደረሰኙ አይናገርም፤
ጽሑፌም አሥራ ሁለት ቃል ላይ አለቀ፣ አንድ አልጨመርኩም።
ሃያ ስምንቱን በምን ልሙላው ብዬ ስጨነቅ፣
"አትሙላው" አለች ዊልማ፣ "ወረቀቱን ግን አታሳጥረው፤
ባዶው ቦታ ይታይ፤ ያላወቅነውንም ሰው ያንብበው።"

የቀኙ ክፍል ተዘግቷል። በሩ ላይ "በመስከረም ይከፈታል" ይላል።
የሚመጣው ትርኢት ገና አልመጣም፤ ገና ትምህርት ቤት ይማራል።
ስምንት ተማሪ ነው የቀረው። "ለስምንት ልጅ ቦይለር አይነድም"
ብሎ ቦርዱ ፈረደ፤ ትምህርት ቤቱ በሰኔ ሊዘጋ፣
ወንበሮቹም ለእኛ ሊሰጡ፣ ወረቀቱ ተፈረመ።

ማክሰኞ ዕለት ሜትርና ቁጥር ይዘን ሄድን።
ልጆቹ ማካፈል ላይ ነበሩ፤ እንዳንረብሻቸው ተንበረከክን።
ከኤሞሪ ስካግስ ሥር ገብቼ፣ ከደረቀ ማስቲካ አጠገብ
ቁጥር አምስትን ስለጥፍ፣ አጎንብሶ አየኝ፦
"አሁን ታሪክ ላይ ነው የተቀመጥኩት?
ወይስ ስነሳ ነው?"
ዊልማ፣ አባቱን ያመላለሰች፣ መልስ አጥታ የማታውቅ፣
የወንበሩን ብሎኖች መቁጠር ጀመረች።
አራት ናቸው።
ደግማ ቆጠረች።

ዛሬ ሌሊት ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ።
"የተማሪ ወንበር። እንጨትና ብረት። ማስቲካው እንዳለ።"
(ይፋቅ አይፋቅ ተከራክረን፣ ለአንድ ጊዜ እኔ ረታሁ።)
"የተቀመጠበት ልጅ ስሙ ኤሞሪ"
እዚህ ላይ እጄ ቆመ።
የሙዚየም ግስ "ነበር" ነው፤ ዊልማ ሌላ አትቀበልም።
ልጁ ግን ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ይመጣል፣
ቦርሳውን ይወረውራል፣ ወንበሩን ይጎትታል፣ ወለሉ ይጮኻል፤
ማካፈሉን አልጨረሰም፣ ቀሪው ገና አልወጣለትም።

"ነ" ብዬ ጻፍኩና ብዕሬን ከደንኩ።
የቀረውን ሰኔ ይጻፈው።